ሁለት ባላ ትከል



አበው «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ሲሉ የተዉልንን ምክር ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። በአካዳሚ ሳለንም ይኸው ምክር በሌላ አነጋገር ተሰጥቶናል። ዋና የመገናኛ መስመር ሲዘረጋ ተጠባባቂው አብሮ ይዘረጋል፤ ዋና ቃፊር ሲቆም ተተኪው ስሙ አስቀድሞ ይታወቃል። ሆኖም ምክርን መስማትና በምክር መሥራት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ጠንቅቀን የተረዳነው በአንዲት እናት ምርቃት ላይ በደረሰ ጥፋት ነው። ጥፋቱም የማንም ሳይሆን የራሳችን ነበር። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ ቪዲዮ መቅጃ የሚናገር ቢሆንም መነሻው ግን ያች እናት ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ በሩቅ ግዳጅ ላይ ለሚገኘው ሻለቃችን የቤተሰብ ሰላምታ በቪዲዮ ቀርጸን እንድንልክ ታዘዝን። አዳራሹ በአደይ አበባ አጊጦ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ሚስቶች ሕፃናቶቻቸውን አቅፈው፣ ታላላቆቹ ልጆች አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው ተራ በተራ ከካሜራው ፊት ቀረቡ። ለመዝጊያው ምርቃት የተመረጡት፣ ከገጠር ሁለት ቀን ተጉዘው የመጡ የአንድ አሥር አለቃ እናት ነበሩ። እኒህ እናት ነጠላቸውን አደግድገው ቆሙና ልጃቸውን ብቻ ሳይሆን የሻለቃውን ልጆች ሁሉ በየማዕረጋቸው መረቁ። አዳራሹ በሙሉ «አሜን» እያለ ይቀበል ነበር። የሚያለቅስም፣ የሚስቅም ነበር። እኛም ከፊት ወንበር ላይ ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጠን «አሜን» ስንል ነበር። ስሕተታችን የጀመረው ከዚያ ወንበር ላይ ነው፤ ቦታችን ከካሜራው ጎን ነበርና።

ካሜራውን በማቆሚያው ላይ አቁመን፣ ቁልፉን ተጭነን፣ ቀይዋ ምልክት መብራቷን አይተን ነበር የተቀመጥነው። የካሜራ ረዳታችንም ሕፃናቱን ወደ መድረክ ለማሰለፍ ተነሥቶ ሄደ። ሌሊት ለቅንብር ስንቀመጥ ግን ፋይሉ ከ29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ተቋርጦ አገኘነው። ካሜራው በዚያች ሰከንድ በራሱ ቆሟል። የአምስት ቤተሰብ ሰላምታና የእናትዬው ምርቃት በሙሉ አልነበረም። አምስቱ ቤተሰቦች በሰፈራችን ውስጥ የሚኖሩ በመሆናቸው በማግሥቱ እንደገና ቀረጽናቸው። እናትዬው ግን ገና ጎሕ ሳይቀድ በአውቶቡስ ተሳፍረው ወደ አገራቸው ሄደዋል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም እንደሚባለው ሆነ።

ለልጃቸው ነገሩን መንገር የእኛ ግዴታ ነበር። በስልክ አገኘነውና ምንም ሳንደብቅ ነገርነው። ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም «መቶ አለቃ፣ ቢያንስ ድምጿ እንኳ የለም?» ሲል ጠየቀን። «የለም» አልነው። «እሺ፣ ይሁን» አለና በትሕትና ተሰናበተን። ቢቆጣን ይሻለን ነበር። ያ «ይሁን» ብዙ ሌሊት ከጆሯችን አልጠፋም።

ከዚያ ወዲያ የሠራነው የመጀመሪያው ሥራ ግለ ሂስ ነው። ካሜራውን መሳደብ ቀላል ነበር፤ መመሪያ መጽሐፉን ስናነብ ግን ገደቡ በግልጽ ተጽፎ አገኘነው። ለካስ ብዙዎቹ የፎቶግራፍ ካሜራዎች ቪዲዮ ሲቀርጹ ግማሽ ሰዓት ሊሞላ አንድ ሰከንድ ሲቀረው እንዲቆሙ ተደርገው ለዓመታት ተሠርተዋል። ዋናው ምክንያትም ቀረጥ ነበር። በአውሮፓ የጉምሩክ አመዳደብ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ ሳያቋርጥ የሚቀርጽ መሣሪያ እንደ ፎቶግራፍ ካሜራ ሳይሆን እንደ ቪዲዮ ካሜራ ተቆጥሮ የተለየ ቀረጥ ይጣልበት ስለነበር፣ አምራቾች ያን ላለመክፈል ካሜራውን ከመስመሩ በታች አቆሙት። ዛሬ ብዙዎቹ አዳዲስ ካሜራዎች ይህ ገደብ የለባቸውም። በእጃችን ያለው ግን አሮጌ ነው፤ ወታደርም የሚዋጋው በያዘው መሣሪያ ነውና መፍትሔውን መፈለግ ነበረብን።

መፍትሔውን ያሳየን በከተማው ውስጥ ሠርግ በመቅረጽ የሚተዳደር አንድ ቪዲዮ አንሺ ነው። ችግራችንን ሰምቶ ሳቀና ከመሳቢያው የአንድ መጽሐፍ ያህል ስፋት ያላት፣ ፊቷ በሙሉ ስክሪን የሆነች ዕቃ አውጥቶ በውሰት ሰጠን። ይህች ዕቃ ከካሜራው ውጭ የምትሠራ መቅጃ ናት። ካሜራው የሚያየውን ሥዕል ኤችዲኤምአይ በሚባለው ገመድ አማካይነት ተቀብላ፣ በጀርባዋ በተሰካው ኤስኤስዲ ዲስክ ላይ ትቀዳለች። ካሜራው ዓይን ይሆናል፤ እርሷ ደግሞ መዝገብ ጸሐፊ ትሆናለች። ዓይኑ እስካልተከደነ ድረስ፣ ዲስኩና ባትሪው እስከፈቀዱ ድረስ፣ ግማሽ ሰዓት የሚባል ድንበር አታውቅም።

አንዳንድ አንባቢዎቻችን ይህን እንደ አዲስ ፍልስፍና ይቆጥሩት ይሆናል። ነገሩ ግን አሮጌ ልማድ ተመልሶ መምጣቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ሶኒ ፖርታፓክ የተባለውን ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ባወጣ ጊዜ ካሜራው በእጅ ሲያዝ መቅጃው በትከሻ ይንጠለጠል ነበር፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ገመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቅ ባለው በዩ-ማቲክ ካሴት ሲሠራበት በነበረው ዘመንም የዜና ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚወጡት ሁለት ሆነው ነው። አንዱ ካሜራውን ሲይዝ ሌላው ከባዱን መቅጃ ይሸከማል። ካሜራ ያዡ ሲሮጥ ተሸካሚው አብሮ ይሮጣል፤ ያለዚያ ገመዱ ይይዛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 ቤታካም ሲመጣ ካሜራና መቅጃ በአንድ ትከሻ ላይ ተዋሐዱ። ኋላም ትንንሾቹ የፎቶግራፍ ካሜራዎች ቪዲዮ መቅረጽ ሲጀምሩ፣ ዓይናቸው መልካም፣ ማኅደራቸው ግን ጠባብ ሆኖ ስለተገኘ መቅጃው እንደገና ከካሜራው ወጣ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የሶኒ ኤ7ኤስ ካሜራ ፎር ኬ የሚባለውን ትልቅ ሥዕል ማየትና ማስተላለፍ ቢችልም፣ በራሱ ካርድ ላይ ሊቀዳው አይችልም ነበር፤ የግድ ውጫዊ መቅጃ ያስፈልገዋል። እንደ አቶሞስ ያሉ አምራቾች የታወቁትም በዚህ ዓይነት ሥራ ነው።

መቅጃዋን በውሰት ባገኘን ጊዜ ወዲያው ወደ ሥራ ልንሮጥ ዳድቶን ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ እንዳይሆንብን ግን አስቀድመን ልምምድ አደረግን። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት ለ40 ደቂቃ ቀረጽነው። ውጤቱን ስናይ በድንጋጤ ቀረን፤ መቅጃዋም እንደ ካሜራው ከ29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ቆማ ነበር! ምክንያቱን ስንመረምር፣ በመቅጃዋ የማስተካከያ ገጽ ላይ ከካሜራው ትእዛዝ እንድትቀበል የሚያደርግ ምርጫ በርቶ አገኘነው። ካሜራው ሲጀምር ትጀምራለች፤ ካሜራው ሲቆም ትቆማለች። ለአጭር ሥራ ምቹ ነው፤ አንዱን ቁልፍ ተጭኖ ሁለቱን ማንቀሳቀስ ያስችላል። ለረጅም ሥነ ሥርዓት ግን አደገኛ ነው። ሁለተኛው ባላ በመጀመሪያው ላይ ከተደገፈ ባላው አንድ ነው እንጂ ሁለት አይደለም። ምርጫውን አጥፍተን፣ ካሜራውንና መቅጃዋን እያንዳንዳቸውን በየቁልፋቸው ማስነሣት ጀመርን። በሁለተኛው ልምምድ የግድግዳው ሰዓት 40 ደቂቃውን ሙሉ ተቀዳልን።

ከዚህ ሌላ በልምምዱ የተማርናቸውን ጥቂት ነገሮች፣ በየክፍሉ በዚህ ሥራ ለተመደቡ ጓዶቻችን እንደሚጠቅሙ በማመን እንዘርዝራቸው።

አንደኛ፣ ካሜራው በስክሪኑ ላይ የሚያሳያቸው ጽሑፎችና ምልክቶች በገመዱ በኩል አብረው እንዳይተላለፉ መጥፋት አለባቸው። ያለዚያ በሙሽራዪቱ ግንባር ላይ የባትሪ ምልክት ተቀርጾ ይቀራል። ካሜራው ለኃይል ቁጠባ በራሱ የሚጠፋበትም ምርጫ መዘጋት ይኖርበታል፤ ዓይኑ ከተከደነ መዝገብ ጸሐፊዋ የምትጽፈው የላትምና።

ሁለተኛ፣ የሥዕሉ ጥራት ነው። ብዙዎቹ አሮጌ ካሜራዎች በካርዳቸው ላይ ሲቀዱ ሥዕሉን አጥብቀው ስለሚያምቁት የቀለሙ ዝርዝር ይቀንሳል። በመቅጃዋ ላይ ግን ፕሮሬስን በመሰለ፣ ለቅንብር በሚመች አቀዳድ ይቀመጣል። ካሜራው 10 ቢት የሚባለውን ሥዕል የሚያስተላልፍ ከሆነ እያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም በ256 ደረጃ መሆኑ ቀርቶ በ1,024 ደረጃ ይከፋፈላል። በባርኔጣ ጥላ ሥር ያለ የወታደር ፊትና በፀሐይ ላይ የነጣ የእናት ነጠላ በአንድ ሥዕል ውስጥ ሲገናኙ ልዩነቱ በቅንብር ጊዜ ይታያል። ነገር ግን ካሜራው የሚያስተላልፈው 8 ቢት ብቻ ከሆነ መቅጃዋ ልትጨምርለት አትችልም። እንስራው ቢተልቅ የሚይዘው ምንጩ የሰጠውን ያህል ነው።

ሦስተኛ፣ ቦታ ማስላት ነው። በሰከንድ 25 ሥዕል በሚቀርጽ ፉል ኤችዲ፣ ከፍ ባለው የፕሮሬስ 422 ኤችኪው ደረጃ የአንድ ሰዓት ቅጂ 83 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። በፎር ኬ ከሆነ ወደ 330 ጊጋባይት ይደርሳል። ስለዚህ 500 ጊጋባይት ያለው ዲስክ በመጀመሪያው ስድስት ሰዓት ሲይዝ በሁለተኛው የሚይዘው አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ለቤተሰብ ሰላምታ ፉል ኤችዲ ከበቂ በላይ ነው። ጥይቱን ሳይቆጥር ወደ ምሽግ የሚገባ ወታደር የለም፤ ዲስኩን ሳያሰላ ወደ አዳራሽ የሚገባም ሊኖር አይገባም።

አራተኛውና ከሁሉ የሚብሰው ገመዱ ነው። በትንንሽ ካሜራዎች ላይ ያለው የኤችዲኤምአይ መሰኪያ እጅግ ደቃቃ ነው። ልጅ ሮጦ ቢያልፍ፣ ቀሚስ ቢነካው ይላቀቃል፤ ገመዱ ከተላቀቀ ደግሞ የሚቀዳ ሥዕል የለም። ይህን ድክመት አስቀድማ ያየችው በልብስ ስፌት የምትተዳደር የአንድ ሃምሳ አለቃ ባለቤት ናት። መሣሪያውን ስናሳያት ዞር ዞር ብላ ተመለከተችውና «መቶ አለቃ፣ ይህ ክር የሚያህል ነገር ቢነቀልስ?» አለችን። መልስ አልነበረንም። በማግሥቱ ገመዱን ከማቆሚያው ጋር የሚያስር፣ ግን መሰኪያውን የማይስብ ጠንካራ ጥብጣብ ሰፍታ አመጣች። በዚያው ላይ ከጥቁር ጨርቅ ለስክሪኑ መጋረጃ ሠራችለት፤ ምክንያቱም ከቤት ውጭ ፀሐይ ሲያርፍበት በስክሪኑ ላይ ከራሳችን ፊት በቀር ምንም አይታይም ነበር። ከገበያ የሚገዛ ዕቃ ነው፤ የእርሷ ግን ለእኛ መሣሪያ በልኩ የተሰፋ ነው። ዛሬም የምንሠራው በእርሱ ነው።

ይህች እህታችን በዚህ አላበቃችም። በአንድ ደብተር ላይ መስመር አስምራ የተቀረጸበትን ቀን፣ የቤተሰቡን ስምና ቅጂው የተቀመጠባቸውን ሁለት ቦታዎች የምትጽፍ መዝጋቢያችን ሆነች። ሁለቱ ቦታዎች በደብተሩ ላይ ካልተሞሉ ካርዱም ሆነ ዲስኩ እንዲጠፋ አትፈቅድም። አንድ ቀን ሥራ በዝቶብን «ኋላ እንሞላዋለን» ብንላት «የእማማ ምርቃትም ኋላ ሊሞላ ነበር እኮ» አለችን። ዝም ብለን ሞላነው።

እማማም በጥር ወር፣ ከአዝመራ በኋላ፣ ተመልሰው መጡ። ልጃቸው በስልክ ለምኗቸው ነበር። በአዳራሹ ደጃፍ ተቀብለን ጉልበት ስመን ይቅርታ ጠየቅናቸው። «ተዉ ልጆቼ፣ ዕቃ ነው፤ ዕቃ ይከዳል» አሉን። እኛ ግን የከዳው ዕቃው ብቻ አለመሆኑን ነገርናቸው። ወንበር ሰጥተን፣ ማይክሮፎኑን ከነጠላቸው ጥለት ሥር አያይዘን፣ ካሜራውን አስነሣን፤ መቅጃዋንም ለብቻ አስነሣን። ቆጣሪዋ እየሄደ መሆኑንም በዓይናችን አረጋገጥን። ጥብጣቡ ታስሯል። ረዳታችን ከካሜራው ጎን፣ እኛ ደግሞ የጆሮ ማዳመጫ አድርገን ከመቅጃዋ ጎን ቆምን። ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ አልነበረም።

«እማማ፣ እንደዚያን ዕለቱ ይመርቁልን» አልናቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምርቃት እንጀራ አይደለም፤ ተመልሶ ምጣድ ላይ አይወጣም። የዚያን ዕለቱ ለዚያን ዕለት ደርሷል። ዛሬ ወሬ ነው የምነግረው» አሉ።

እንዳሉትም ወሬ ነገሩት። ቦራ ላሟ ጥጃ እንደ ወለደች፣ ጥጃዋም እንደ እናቷ እንደምትራገጥ፤ ከጎረቤት ጋር የነበረው የአጥር ክርክር በሽማግሌ እንዳለቀ፤ ታናሽ እኅቱ ትምህርቷን እንዳልተወች፤ ጣራው በክረምት እንዳፈሰሰና እንዴት እንደ ተደፈነ አንድ በአንድ ዘረዘሩለት። ሰዓቱ ሄደ። ከ29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ የካሜራው ቀይ ምልክት እንደ ልማዷ ጠፋች። ረዳታችን እጁን ሰድዶ በጸጥታ እንደገና አስነሣው። በመሃል ያመለጡትን ጥቂት ሰከንዶች የያዘቻቸው መቅጃዋ ናት፤ ቆጣሪዋ 30ኛውን ደቂቃ አልፎ ይሄድ ነበር።

እማማ ይህን ሁሉ አላወቁም። ቀና ብለው ወደ ካሜራው ተመለከቱና እንዲህ አሉ፤ «ያን ልትሄድ ስትል የተከልኸው ባሕር ዛፍ ለማገር ደርሷል። ነጋዴ መጥቶ ነበር፤ ጥሩ ዋጋም ሰጠኝ። አልሸጥሁትም። ስትመጣ ቤት ትሠራበታለህ።»

በመቅጃዋ ቆጣሪ ላይ 33 ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ይል ነበር። እንደ ቀድሟችን ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠን ቢሆን ኖሮ ይህም ቃል እንደ ምርቃቱ ባመለጠን ነበር።

ቅጂው ከተላከ ከሁለት ሳምንት በኋላ አሥር አለቃው ደወለልን። ከጓዶቹ ጋር ሆኖ እንዳየው፣ የጥጃዋ ነገር መላውን ጓድ እንዳሳቀ ነገረን። ስለ ባሕር ዛፉ ግን ምንም አላነሣም። ሊሰናበተን ሲል ብቻ «መቶ አለቃ፣ ሁለት ቦታ አስቀምጣችሁልኛል አይደል?» አለ። ደብተሩ ፊታችን ተዘርግቶ ነበርና ሁለቱንም ቦታ አንብበን ነገርነው። ያች የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ምርቃት ግን እስከ ዛሬ የለችም፤ ወደፊትም አትኖርም። ይህን ዕዳ ምንም መሣሪያ አይከፍልልንም።

ውድ እኅቶቻችን፣ በየቤታችሁ በስልክ ለባሎቻችሁ የልጆቻችሁን የመጀመሪያ እርምጃ፣ የመጀመሪያ ቃል ትቀርጻላችሁ። ለዚህ ውጫዊ መቅጃ መግዛት አያስፈልጋችሁም፤ ሥርዓቱ ግን ያው ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ቦታና ባትሪ መኖሩን እዩ። ቀይ ምልክት መብራቷን ብቻ አትመኑ፤ ቁጥሩ እየሄደ መሆኑን ተመልከቱ። ስትጨርሱ እዚያው ከፍታችሁ መጀመሪያውን፣ መሃሉንና መጨረሻውን አዳምጡ። በማግሥቱ በሌላ ቦታ፣ በፍላሽም ሆነ በእኅት ስልክ፣ አንድ ቅጂ አኑሩ። በደብተር ላይም ቀኑን ጻፉ።

በየክፍሉ በፊልም ሥራ ለተመደባችሁ ጓዶቻችን የምንለው ደግሞ ይህን ነው፤ የሰው ቃል በአደራ ሲሰጣችሁ ሁለቱን ባላዎች በየራሳቸው መሬት ትከሉ፤ እናንተም ከካሜራው ጎን አትራቁ።